በረንዳዬ ላይ ስለተቀመጠችው እርግብ ጠይቄ ያገኘሁት 43 መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን የውይይት ክር ከከፈትኩት ወር ከሳምንት ገደማ ሆነው። መሃል ላይ የገባችሁ ብዙ ናችሁ፣ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሰለቸን ማን ምን እንዳለ አንዴ ጻፍልን ስላላችሁኝ ይኸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ በራሴ አነጋገር ነው የማወራችሁ፣ ስድብ ስድቡንም ትቼዋለሁ።

መጀመሪያ እኔ የጻፍኩት ይሄን ነበር። የምንኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሴት ልጅ ተገላግላ ያኔ ገና 12 ቀኗ ነበር። በረንዳው ላይ ጤና አዳም ተክለንበት የደረቀብን አሮጌ ባልዲ አለ፣ እዛ ባልዲ ውስጥ ደረቁ አፈር ላይ አንዲት እርግብ ጥቂት ጭራሮ ጣል ጣል አድርጋ ሁለት ነጭ እንቁላል ጥላ ተቀምጣለች። ጠዋት ወደ ስራ ስወጣ አለች፣ በምሳ ሰዓት ስደውል ባለቤቴ አለች ትለኛለች፣ ማታ ስገባም እዛው ናት፣ ፀሐይ ቢመታት ንፋስ ቢነፍስባት ንቅንቅ የለም። እና እኔ እናትነት ማለት ይሄ ነው፣ ባለቤቴም ሌሊቱን ሙሉ እንደዚህች ወፍ ቁጭ ብላ ነው የምታድረው፣ ትዕግስትን ከእርግብ ተማርኩ ብዬ ከፎቶዋ ጋር ጻፍኩና እናንተስ ከግቢያችሁ ወይ ከበረንዳችሁ እንስሳ ምን ተማራችሁ ብዬ ጠየቅኩ። ልቤ ተነክቶ ነው የጻፍኩት፣ ከልቤም ነበር።

1ኛው መልስ እንኳን ማርያም ማረቻት የሚል ምርቃት ነበር፣ አሜን ብያለሁ፣ አሁንም አሜን። 2ኛው ላይ አንድ ወንድማችን ስለ እናቱ ጻፈ። እናቱ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ይዘው ስንዴ ሲለቅሙ ሁሌ መጨረሻ ላይ አንድ እፍኝ ለወፎቹ ይበትኑ ነበር፣ ልጆቹ ምነው ሲሏቸው ቤት የገባ እህል ሁሉ የኛ ብቻ እንዳልሆነ ይነግሯቸው ነበር። አሁን ኮንዶሚኒየም ገብተው የሚበትኑበት መሬት የላቸውም። መስኮቱን ከፍተው ደፉ ላይ ያስቀምጣሉ፣ የታች ቤት ሰዎች ደግሞ ይከሷቸዋል። እሱ ስለ ክሱ ነበር ምክር የፈለገው፣ የሚመክረው ግን አልተገኘም፣ ሁሉም ስለ እናቱ እጅ ብቻ ነው ያወራው።

3ኛው አራሚ ነው። ከሱ በፊት አንድ ሰው እርግቧን ዋኔ ስላላት ዋኔ አይደለችም አለ። ዋኔ አነስ ያለች አንገቷ ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያላት ናት፣ በፎቶው ላይ ያለችው ግን ዓይኗ ዙሪያ ቀይ ቆዳ ያላት፣ ቡናማ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተረጨባት የዱር እርግብ ናት፣ ገጠር ገደል ላይ ነው የምትፈለፍለው፣ ከተማ ስትገባ ፎቅ ትመርጣለች አለ። እንግዲህ ለሷ የኛ ብሎክ ገደል ነው ማለት ነው። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ደረጃውን ስወጣ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

4ኛው ስለ ጉንዳን ነበር፣ ሰነፍ ከጉንዳን ይማር የሚለውን የምናውቀውን ነው የደገመው፣ እሱን ልለፈው።

5ኛው ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። የጻፉት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ጣሪያ ላይ እርግብ ያረቡ ነበር። በጣም በትህትና፣ ልጄ እያሉ፣ አንድ ነገር እንዳልተገነዘብኩ ነገሩኝ። እርግቦች በፈረቃ ነው የሚታቀፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊቱን እናቲቱ ታቅፋ ታድራለች፣ ረፋድ ላይ አባትየው መጥቶ ይቀበላትና እስከ አመሻሽ ድረስ ይታቀፋል። ወንድና ሴቱ ስለሚመሳሰሉ ላላስተዋለ ሰው አንድ ወፍ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ይመስለዋል። ስለዚህ ባለቤቴ በምሳ ሰዓት አለች የምትለኝ ወፍ እናቲቱ ሳትሆን አባትየው ነው። ከዛ በላይ ደግሞ ጫጩቶቹ ሲወጡ ሁለቱም ወላጆች ምግብ በሚያጠራቅሙበት የደረታቸው ከረጢት ውስጥ እንደ አይብ ያለ ወተት መሰል ነገር ያዘጋጃሉ፣ አባትየውም እንደ እናቲቱ ያጠባል ማለት ይቻላል።

6ኛው መልስ አጭር ነበር። አንዲት እህት ከሳቸው ስር ገብታ እኔ የትኛው ፈረቃ ላይ እንዳለሁ ጠየቀችኝ። በቃ ይሄው ነው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተናደድኩ። ስልኬን ዘግቼ አስቀመጥኩት። ባለቤቴ ከአማቴ ጋር ጓዳ ስለምትተኛ እኔ ጠዋት ስራ አለብኝ ብዬ ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የማድረው፣ ልጅቷ ስታለቅስ እሰማለሁ፣ ተነስተው ሲያባብሏትም እሰማለሁ፣ ከዛ ተመልሼ እተኛለሁ። እና ያን ሁሉ ሳምንት እናትነት ማለት ይሄ ነው እያልኩ ያደነቅኩት ወፍ አባት ነበር።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የበረንዳውን በር ገርበብ አድርጌ መጋረጃው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሌላ እርግብ መጥቶ ብረቱ ላይ አረፈ። የቀኝ እግሩ አንድ ጣት የለውም፣ ክር ተጠምጥሞበት የተቆረጠ ይመስለኛል። አንገቱን ነፍቶ ሁለት ሶስቴ ጎንበስ ጎንበስ አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አጉረመረመ፣ ከዛ በጣም በቀስታ ወደ ባልዲው ጠርዝ ወረደ። ተቀምጣ የነበረችው ወዲያው አልተነሳችም። ትንሽ ቆይታ እግሯን እንቁላሎቹን እንዳይነካ ከፍ እያደረገች ወጣች፣ ክንፏን ዘርግታ ሰውነቷን አፍታታችና በረረች። እሱ ገባ፣ አንዱን እንቁላል በመንቁሩ ስር ወደ ሆዱ ሳብ አደረገው፣ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ፣ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ባለቤቴን ጠርቼ ጣቱን አሳየኋት፣ ቀን ቀን የምታየው እሱን እንደሆነ ነገረችኝ፣ እግሩን አይታ አሳዝኗት ፍርፋሪ ትጥልለት ነበር።

7ኛው መልስ የኔ ነው፣ እህታችንን አመሰገንኳት። ከዛ ማታ ጀምሮ ከ3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ያለው የኔ ሆነ፣ ልጅቷ ለመጥባት ካልሆነ ከኔ ደረት አትወርድም።

ከ8 እስከ 11 ያሉት ስለ ፈቃድ ሆኑ። አንዱ ለወፍ 15 ቀን ለኔ 3 ቀን ብሎ ጀመረው። እውነቱን ነው፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች እናት ከመውለዷ በፊት 30 ከወለደች በኋላ 90 የስራ ቀን ሲሰጥ ለአባት ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ነው የሚሰጠው። እኔም 3ቱን ቀን ሆስፒታልና ፋርማሲ ስመላለስ ነው የጨረስኩት። ሌላው ገብቶ 3 ወር ቢሰጠንም ጆተኒ ቤት እንጨርሰዋለን አለ፣ ሌላው በሱ ተናደደ፣ እንዲህ እያሉ ቆዩ።

12ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ መለሰን። ዲያቆን ይመስለኛል የጻፈው፣ እንስሳ አይቶ መማር በኛ ሀገር አዲስ እንዳልሆነ ለማስታወስ ቅዱስ ያሬድን አነሳ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ አጎቱ አባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ ሸሽቶ ሲሄድ ዛፍ ስር አረፍ አለ፣ አንድ ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር እየወደቀች አየ፣ በመጨረሻ ወጣች፣ እሱም ተመልሶ ተማረ። 13ኛው ቁጥሩን ጨመረ፣ ስድስቴ ወድቃ በሰባተኛው ነው የወጣችው። ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው ነው፣ ትምህርቱም ተስፋ አለመቁረጥ ነው ተብሎ ነው የሚነገረን።

14ኛውን የጻፈችው ልጅ ግን እኔ አስቤው የማላውቀውን ነገር አለች። ያሬድ በሶስተኛው ውድቀት ላይ ተነስቶ ቢሄድ ኖሮ ምን ይማር ነበር ብላ ጠየቀች። ያየው ነገር እውነት ይሆን ነበር፣ ትሏ በእርግጥም ሶስቴ ወድቃለች፣ ግን ይዞ የሚሄደው ትምህርት መውጣት እንደማይቻል ነበር። ስለዚህ ለሷ የታሪኩ ትልቁ ነገር የትሏ ጽናት ብቻ ሳይሆን ልጁ እስከ ሰባተኛው ድረስ ከዛፉ ስር አለመነሳቱ ነው። ይሄን መልስ ስክሪንሾት አድርጌ ይዤዋለሁ። እኔም እርግቧን አይቼ ተማርኩ ያልኩት በሶስተኛው ላይ ተነስቼ ነበር።

15ኛው ከሐረር ነው፣ ስለ ጅብ። እዛ ማታ ማታ ከግንቡ ውጪ ሰው ለጅብ ምግብ እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ፣ ግንቡ ላይም ጅብ ገብቶ የከተማውን ቆሻሻ የሚለቅምበት ቀዳዳ አለ። ሰውየው የጻፈው ግን ሌላ ነው፣ በጅብ መንጋ ውስጥ ገዢዎቹ ሴቶቹ ናቸው፣ ከወንዱ ይተልቃሉ፣ ግልገሉም ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። ልጅ ሆኖ ፈሪና ሌባ ነው ሲባል የሰማው አውሬ ቀርቦ ሲያየው ሌላ ሆነበት።

16ኛዋ ነገሩን ወደ ወንዶች ወሰደችው። ንቦች አበባ ሲጠፋ ድንጉላውን፣ ወንዱን ንብ ማለት ነው፣ እየጎተቱ ከቀፎ ያስወጡታል፣ የማይሰራ ባልም እንዲሁ ይገባዋል የሚል ነው መልሷ። ብዙ ላይክ አገኘች። ከ17 እስከ 19 ወንዶቹ መልሰው ወረዱባት፣ እሱን አልጽፍም። 20ኛው ግን ጎጃም ቀፎ ያለው ሰው ነው፣ ስድብ ሳይጨምር ነገረን። ድንጉላ መንደፊያ የለውም፣ አበባም አይቀስምም፣ ያ እውነት ነው። ግን ንግስቲቱን ያገኘው እዛው ወዲያው ይሞታል፣ ያለሱ ደግሞ ቀፎው ዘር የለውም። ተጎትቶ ሲወጣ ያየው እሱም ነው፣ በር ላይ ብርድ ላይ ወድቆ እግሩን ሲያንቀሳቅስ፣ እና አይቶ አንድም ቀን ስለ ባልና ሚስት ትዝ ብሎት አያውቅም፣ ረሀብ ነው ትዝ የሚለው። እኔ ከሱ ጋር ነኝ። የንቡን ጉዳይ ለንብ መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ።

21ኛው ከቨርጂኒያ ነው፣ እና ረጅም ነበር፣ እኔ ግን ደግሜ አንብቤዋለሁ። ይቺ እህታችን አሜሪካ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2004 በግንቦት ወር ነው። በመጣች በሳምንቷ የአክስቷ ጓሮ ዛፉ አጥሩ ወንበሩ ሁሉ ዓይናቸው ቀይ በሆነ ትልልቅ በራሪ ነፍሳት ተሸፈነ፣ ሲካዳ ይሏቸዋል፣ ጩኸታቸው ስልክ አያናግርም። አሜሪካ ሁሌ እንደዚህ መስሏት አለቀሰች። አክስቷ 17 ዓመት መሬት ውስጥ የዛፍ ስር እየጠቡ ቆይተው አንዴ እንደሚወጡ፣ ጥቂት ሳምንት ጮኸው እንቁላል ጥለው እንደሚሞቱ አስረዳቻት፣ ደግሞ 17 ዓመት እዚህ አገር እኖራለሁ ብላ ስላላሰበች አላዳመጠቻትም። በ2021 ወጡ። በራሷ ቤት ጓሮ፣ የ14 ዓመት ልጇ ባዶ ቅርፊታቸውን እየለቀመ ሲያሳያት። ቀጣዩ 2038 ነው። ትምህርቱን አልጻፈችም፣ እናቷን በዛ መሃል አንዴ ብቻ እንዳየቻት ነው የጻፈችው። 22ኛው እና 23ኛው እዚያው አካባቢ ያሉ ልጆች ናቸው፣ እነሱም ያኔ የት እንደነበሩ ተናገሩ።

ከዛ 24ኛው መጣ። አንድ ሰው የኔን የመጀመሪያ ጽሁፍ ብቻ አንብቦ፣ ከስር ያለውን ምንም ሳያይ፣ ወፍ እንኳን እንቁላሏን ትታ አትሄድም የዘንድሮ እናቶች ግን ልጃቸውን ለአያት ጥለው አረብ ሀገር ይሄዳሉ ብሎ ጻፈ። ከዚህ የከፋም አለ፣ እሱ አይደገምም።

25ኛው መልስ ከአረብ ሀገር ነው። ስልክ የምታገኘው ማታ ስራ ስትጨርስ ብቻ ስለሆነ የጻፈችው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። 6 ዓመት የሆነው ልጇ ወሎ እናቷ ዘንድ ነው። የምትሰራበት ቤት የኩሽናው መስኮት ፊት ለፊት ያለው የኤሲ ማሽን ላይ ትናንሽ ዋኔዎች ጎጆ ሰርተው ያውቃሉ፣ እቃ እያጠበች ስታያቸው ነው የምትውለው። ለሰውየው አልጮኸችበትም። ጫጩቶቹ ትንሽ ላባ ሲያበቅሉ እናትና አባት ሁለቱም ጠዋት ወጥተው እንደሚጠፉ፣ ጫጩቶቹ ብቻቸውን ጸጥ ብለው እንደሚውሉ፣ እንዳየች ነው የነገረችው። ጥለዋቸው መስሏት የመጀመሪያ ቀን ሩዝ ልታቀብላቸው መስኮት ልትከፍት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጉሮሯቸውን ሞልተው መጡ። የልጇን የትምህርት ቤትና የአያቱን መድኃኒት ማን እንደሚከፍል አልተናገረችም፣ የገባው ገባው።

ከ26 እስከ 30 ጠብ ነው። ግማሹ ሰውየውን ወረደበት፣ እኔም ወርጄበታለሁ፣ 28ኛው የኔ ነው እና ቃሌ ከረር ብሎ ነበር፣ አልጸጸትበትም። ጥፋቱ ግን ከኔ ጽሁፍ ነው የተነሳው። እኔ ነኝ ቁጭ ያለች ወፍ አይቼ እናት ማለት ይሄ ነው ያልኩት፣ እሱ ያንኑ መለኪያ አንስቶ ሌላ ሴት ላይ ጣለው።

31ኛው ላይ እርግብ አርቢው አባታችን ተመለሱ። ከአረብ ሀገር የጻፈችው ልጅ ያየችው ልክ እንደሆነ አረጋገጡ። ጫጩት እንደወጣ ዓይኑ የተጨፈነ ራቁቱን ስለሆነ መጀመሪያ ሰሞን አንዳቸው ሁሌ ላዩ ላይ ናቸው፣ ላባ ሲጀምር ግን የሚበላው ይበዛል፣ ሁለቱም ካልወጡ አይደርሱለትም፣ ታቅፈውት ቢውሉ በረሀብ ይሞታል። በጣሪያቸው ላይ ባሳለፉት ዓመት ሁሉ ጎጆው ባዶ ሆኖ ያዩት ብዙ ነው፣ ወላጅ የጠፋበት ግን ጭልፊት ሲወስደው ብቻ ነው አሉ። ሰውየው ከዚህ በኋላ አልጻፈም። ይቅርታም አልጠየቀም።

32ኛው ነርስ ናት፣ አራስ ቤት ስላለ ልብ በሉ አለችን። የደረቀ የእርግብ ኩስ አቧራው ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ ስለዚህ የበረንዳው በር ልጅቷ ባለችበት ክፍል በኩል ይዘጋ፣ በደረቁ አይጠረግ፣ ውሃ ተረጭቶ ማስክ ተደርጎ ይጠረግ። እንዲሁ እያደረግን ነው።

ከ33 እስከ 38 ያለው ቁራ ነው። አንዱ እንቁላል ተፈለፈለ፣ ሌላው ቀረ። ጫጩቱ በወጣ በአራተኛው ቀን ያ አንገቱ ጀርባ ነጭ ያለው መንቁረ ወፍራም ትልቁ ቁራ በረንዳው ብረት ላይ አረፈ። ፎቶ ለጥፌ ምን ላድርግ አልኩ። አንዱ ቁራም ልጅ አለው አትግባ አለ፣ አንዷ ቤትህ ያረፈ እንግዳ ተበልቶ ዝም ትላለህ ወይ አለች፣ ሌላው ይሄ ቁራ እኮ ከኛና ከጎረቤቶቻችን ሌላ የትም የለም ብሎ ቁራውን ማሞገስ ጀመረ። እነሱ ሲከራከሩ አማቴ ከጓዳ ወጥተው ነጠላቸውን አውልቀው አራገፉበት፣ ሄደ። ጣቱ የጎደለው በዛን ሰዓት ጫጩቱ ላይ ነበር፣ ክንፉን ገልጦ እንደ ድንኳን ዘርግቶ፣ ከቦታው አልተነሳም።

39ኛዋ 6ኛውን መልስ የጻፈችው እህት ናት፣ ፈረቃው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። 40ኛው ላይ የመለሰችላት ባለቤቴ ናት፣ በራሷ አካውንት፣ ምን እንዳለች እዛው አንብቡት። 41 እና 42 ለልጅቷ 80 ቀን ክርስትና ከወዲሁ የተጻፉ ምርቃቶች ናቸው።

43ኛው ትናንት ማታ ነው የገባው፣ ከአረብ ሀገሯ እህታችን፣ ከኩሽናው መስኮት። ጫጩቱ ምን እንደደረሰ በየሌሊቱ የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች፣ ፎቶውን ለልጇም እየላከችለት። ልጇ ያ ጣት የሌለው አባትየው ነው ወይ ብሎ እንደጠየቃት ጻፈች።

አዎ እሱ ነው በይው። ጫጩቱ በወጣ በ23ኛው ቀን፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ብረቱ ላይ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ቆሞ ወደ ፊት ለፊቱ ብሎክ ጣሪያ በረረ። ባለቤቴ ባልዲውን አጥባ ጤና አዳም መልሳ ልትተክልበት ነበር። ዛሬ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ጣቱ የጎደለው አንድ ጭራሮ በመንቁሩ ይዞ መጥቶ አፈሩ ላይ አስቀመጠ። ጤና አዳሙን የዘይት ጀሪካን ቆርጠን እዛ ላይ ተከልነው።